ጭስ ጉልበት አይደለም

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚያወጣው ዳገት ፊት አይቶ አያዳላም። ሹም የተሳፈረበትን አዲስ መኪናም ጨው የተጫነበትን አሮጌም እኩል ያስለከልካል። ልዩነቱ፣ ሹሙ ሲቆም የሚገፋለት ሰው አያጣም።

ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ በሚያጉረመርምበት አንድ ረፋድ፣ «ጎሽ» እየተባለች የምትጠራው የጋሼ ኪቲላ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ሳል ያዛት፤ አቃሰተች፤ እንደ ደከመው በሬ አንገቷን ነቅንቃ ቀጥ አለች። ከኋላዋ የለቀቀችው ጭስ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በቢላ የሚቆረጥ የሚመስል ጭስ ነው። ከጭሱ ውስጥ መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ስድብ፤ በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ ብቅ አለ።

ጋሼ ኪቲላ ከጋቢናው ወርደው የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቁና ኮፍያቸውን አስተካክለው ለጠብ ተዘጋጁ። ሰው ሳይናገራቸው መልስ ማዘጋጀት የቆየ ልማዳቸው ነው። አብሯቸው የነበረው ሰማን፣ የመቱ ነጋዴና የዕለቱ ጭነት ባለቤት፣ በሌላው በር ወርዶ ፊቱን በመሐረቡ ሲጠርግ መሐረቡ ጠቆረ።

ከሚኒባሱ የወረደችው ግን ለጠብ የመጣች አትመስልም። ሰማያዊ የሥራ ቱታ የለበሰች፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ነች። እጅ ነሥታ፣

«እንደምን አደሩ ጋሼ? እግዜር ይማርልዎ» አለች።

«እኔ ጤነኛ ነኝ። ማንን ነው የሚምርልኝ?»

«መኪናዎን። ታማለች እኮ።»

ጋሼ ኪቲላ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቱታዋን አዩ። ከኪሷ ብቅ ያለውን መፍቻ አዩ።

«ጎሽ አትታመምም» አሉ። «ጭሷን አላየሽም? ይህን የሚያህል ጭስ የሚወጣት ጉልበት ቢተርፋት ነው። የዛሬዎቹን መኪኖች ተመልከቻቸው፤ ጭስ የላቸውም። ለምን? ጉልበት የላቸውማ!»

«ታዲያ ጎሽ ጉልበት ከተረፋት ለምን ቆመች?»

ሰማን ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልሆነለትም። ጋሼ ኪቲላ ዞረው ገላመጡት።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«ሸሪኬ፣ ሳቄ ለሌላ ነው» አለ ሰማን። «በፋሲካ ማግስት እድሩ ፊት ቆመህ የተናገርከው ትዝ ብሎኝ ነው።»

ጋሼ ኪቲላ ፊታቸው ደም ለበሰ። ነገሩ እንዲህ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች «የጎሽ ጭስ ያጠብነውን ልብስ አጠቆረብን» ብለው ለእድሩ ሲከሱ፣ እሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ጎሽን አርጅታለች የምትሉ ስሙኝ፤ ጭነት ይዛ በጎሬ ዳገት ላይ ከቆመች በገዛ እጄ ለብረት ገዢ አስረክባታለሁ!» ብለው ምለው ነበር። ልጃቸው ኩማም አዲስ አበባ ሆኖ ወሬውን ሲሰማ ብረት ገዢ ፈልጎ አግኝቷል። አባቱን ማሳረፉ ነው፤ መኪና የሌለው ሾፌር ከምን እንደሚያርፍ ግን አልጠየቃቸውም። እነሆ ጎሽ ጭነት ይዛ፣ በጎሬ ዳገት ላይ፣ ምስክር ባለበት ቆማለች።

«ምስክሩ አንተ ብቻ ነህ» አሉ ጋሼ ኪቲላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይህች ልጅስ? ሚኒባስ ሙሉ ሰውስ?»

ወጣቷ ነገሩ ገባት። ወደ ሚኒባሱ ዞራ በእጇ «ሂዱ» ስትል፣ ረዳቱ «ጃለኔ፣ አክስትሽስ?» አላት። «ጎሬ የትም አትሄድ፣ አክስቴም የትም አትሄድ» አለችና መኪናው ጥሏት ወጣ። ከዚያ ለጋሼ ኪቲላ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፣ ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥተን በማኅበር ተደራጅተን መቱ ውስጥ ጋራዥ ከፍተናል። ቢፈቅዱልኝ ሕመሟን እዚሁ ላግኝላት። ያረጀችና የታመመች ለየቅል ናቸው።»

«ኮሌጅ» አሉ ጋሼ ኪቲላ፤ ቃሉን እንደ ተበላሸ ወተት ከአፋቸው አወጡት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥላቻ ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሾፌር ሳሉ፣ የሚነዷት መኪና ስትዳከም «ናፍጣው ነው፤ ድምፅዋ ይነግረኛል» ብለው ነበር። ከከተማ የመጣው ባለወረቀት ግን ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ መሪህን አዙር፤ ሞተር ለተማረ ተወው» አላቸው። ሞተሩ ወረደ፤ ተበተነ፤ ዝናብ ጠገበ። መኪናዋ እዚያው ሣር በቀለባት፤ ባለወረቀቱ ዕድገት አገኘ። በእኛ አገር ንቀት ለተናጋሪው የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ ለተቀባዩ የዕድሜ ልክ ጓዝ ነው። ይሁን እንጂ የተናቀ ሰውም የራሱ ክፋት አለው፤ አንድ ውሻ ስለነከሰው የመንደሩን ውሻ ሁሉ በድንጋይ ይወግራል።

«ስሚ ልጄ» አሉ፤ «እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሞተር ግን አንቺ ሳትወለጂ አውቃለሁ። ሕመሟ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ሞተሯ ይወርዳል፣ ፒስቶኗ ይታያል፣ አለቀ።»

«ራስ ለሚያመው ሰው ሆድ ዕቃው ይከፈታል እንዴ ጋሼ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እርጥብ ግንድ እሳት ውስጥ ሲማገድ ምን ይሆናል?»

«ይጨሳል።»

«ቤት ያሞቃል?»

«ዓይን ያጠፋል እንጂ ምን ያሞቃል!»

«ጭራሮስ?»

«ቦግ ይላል።»

«ጭስ አለው?»

ጋሼ ኪቲላ ወጥመዱን አዩት፤ ግን እግራቸው ገብቷል። «...የለውም» አሉ እየጎተቱ።

«ናፍጣም እንደዚያው ነው። ኢንጀክተሩ አድቅቆ ሲረጨው ጭራሮ ይሆናል፤ ቦግ ብሎ ነዶ ያልቃል፤ መኪናዋን የሚገፋውም ያ ነው። ኢንጀክተሩ ሲደፈን ግን መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል። የተንጠባጠበው እርጥብ ግንድ ነው። አይነድም፤ ይጨሳል። ያ ጥቁር ጭስ ከጉልበት የተረፈ አይደለም ጋሼ፤ ጉልበት ሊሆን ሲገባው ሳይሆን የቀረ ናፍጣ ነው።»

«ወላሂ፣ የጨዌ ትርፍ ነው በጭስ የወጣው!» አለ ሰማን።

«አንተ ዝም በል። ኢንጀክተር ታስተምሪኛለሽ?» አሉ ጋሼ ኪቲላ፤ «በየጊዜው በገዛ እጄ ፈትቼ ቀዳዳውን በሽቦ እየጎረጎርኩ አይደል እንዴ የምጠርገው!»

ጃለኔ ጥርሷን እንዳመማት ሁሉ ጉንጯን ያዘች። «በምን?»

«በሽቦ። በጠንካራ ሽቦ።»

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ሲደፈን በምስማር ይጎረጉሩታል?»

«ጆሮና ብረት አንድ ነው?»

«ብረቱ ይብሳል። ጆሮ ያማል፤ ተዉ ይላል። ያ ቀዳዳ እንደ ጸጉር ቀጭን ሆኖ በልክ የተበሳ ነው። ሽቦ ሲገባበት ይሰፋል፤ ከሰፋ ደግሞ ጠበበ የሚባል ነገር የለም።»

ጋሼ ኪቲላ መልስ ፈልገው ወደ ጎሽ አዩ። ጎሽ አልረዳቻቸውም። ይህን ጊዜ ጃለኔ ድምጿን ለስለስ አድርጋ አንድ ነገር አለች፤ ከትምህርቷ ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

«ምንም አንፈታም። ሞተሩን ያስነሡልኝና እኔ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ማሰሪያ በተራ በተራ ላላ አደርጋለሁ። አንዱን ሳላላ የዚያ ሲሊንደር ሥራ ይቆማል። ጤነኛ ከነበረ የሞተሩ ድምፅ ይሰበራል። በፊትም የማይሠራ ከነበረ ድምፁ አይለወጥም፤ የሌለ ሰው ሥራ ቢያቆም ማን ያውቃል? ችግሩ ግን የጎሽን ድምፅ እኔ አላውቀውም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ ላላ ላድርግ፤ እርስዎ ይፍረዱ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? አብረዋት አርጅተው የለ?»

ጋሼ ኪቲላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ የተማረ ሰው ጆሯቸውን ሲፈልግ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። ለጥላቻቸው ያህል ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ጋቢና ወጥተው ሞተሩን አስነሡ።

ጃለኔ ጨርቅ በእጇ ጠቅልላ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ላላ አደረገች። ናፍጣ ተፍ ተፍ አለ፤ ሞተሩም ተንገጫገጨ።

«ሰበረች!» ብለው ጮኹ ጋሼ ኪቲላ ከጋቢናው። «ይህኛው ደህና ነው!»

ሁለተኛውን አላላች። «ይሄም ሰበረ!»

ሦስተኛውን ስታላላ ጋሼ ኪቲላ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሞተሩ እንደነበረው ነው። «...የለም» አሉ። «ሰማን፣ አንተ ሰማህ? ምንም የለም!»

«እኔ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነው» አለ ሰማን።

«ደንቆሮ! ይሄ ሥራ ፈት ነው። ሲበላ ከርሟል እንጂ አልሠራም!»

አራተኛው ሰበረ፤ አምስተኛው ግን እንደ ሦስተኛው ሥራ ፈት ሆኖ ተገኘ። ስድስተኛው ላይ ጃለኔ «ይህም ደህና ነው መሰለኝ» ስትል ጋሼ ኪቲላ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፤ መልሰሽ ላላ አድርጊው። እህ... ይሰብራል፤ ግን ልቡ የለም። ይሄኛው ሊታመም ነው።» ጃለኔ ደግማ አላልታ አዳመጠችና ሳቀች። «እውነትዎን ነው። እኔ አልፌው ነበር።»

ከዚህ በኋላ ጋሼ ኪቲላ ዳገቱ ላይ የቆመ ሰው አይመስሉም ነበር። ሆኖም እልህ በአንድ ቀን አይሞትምና፣

«እሺ፣ ሕመሙ ተገኘ» አሉ። «ግን ጎሽ ቆማለች፤ እኔም ምያለሁ።»

ሰማን ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «ምስክሩ እኔ ነኝ አላልክም? እስከ ቅዳሜ አፌን እይዛለሁ። ቅዳሜ ከጎሬ ወዲያ የቡሬ ገበያ ነው። ይህንኑ ጨውና ሳሙና ይዛ ይህን ዳገት ከወጣች እኔ ምንም አላየሁም። ካልወጣች ግን ሸሪኬ፣ ለኩማ እኔው ራሴ ደውዬ ብረት ገዢውን ላክ እለዋለሁ። ጭነቴንም የሌላ ሰው አይሱዙ ያነሣዋል።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ጋሼ ኪቲላ።

ጎሽን አዙረው ወደ መቱ ወረዱ። ቁልቁለት ለሁሉም ደግ ነው።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ጃለኔ የፈታቻቸውን ኢንጀክተሮች ንጹህ ናፍጣ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አሳድራ፣ በላያቸው የተጋገረውን ጥላሸት ለስላሳ በሆነ የነሐስ ብሩሽ እያራገፈች ነበር። ጋሼ ኪቲላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ሽማግሌ ዳኛ ይመለከታሉ። እያንዳንዱን ኢንጀክተር ለብቻ በተለያየ ጣሳ ስታኖር አይተው፣

«ምነው ባንድ ላይ ብታጥቢያቸው? ውኃ ልትቆጥቢ ነው እንዳልል ውኃ አይደለም» አሉ።

«ውስጣቸው ያለችው መርፌና አቃፊዋ አብረው ተሞርደው የተሠሩ ናቸው። የአንዱን መርፌ ለሌላው ብሰጠው ወይ ትጣበቃለች ወይ ታፈሳለች።»

«ባልና ሚስት ናቸው በይኛ።»

«ባልና ሚስት ናቸው።»

«እንግዲያስ ደግ አደረግሽ። ይህችን ከተማ ያጠፋት እሱ መደበላለቅ ነው።»

ጃለኔ እየሳቀች አንዱን ኢንጀክተር በእጅ በሚገፋ ትንሽ መሞከሪያ ላይ ገጠመችው። ግፊቱን የሚያሳይ ሰዓት አለው። «ጋሼ፣ ይራቁ። እጅዎን ፊቱ እንዳያደርጉ፤ ሲረጭ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀልድ አይደለም።» የመሞከሪያውን ክንድ ስትጫነው፣ ካልጸዱት አንዱ ነበርና፣ ናፍጣው በአንድ ወገን ፊጭ ብሎ ከጫፉ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው? የሕፃን ሽንት ነው» አሉ ጋሼ ኪቲላ።

«ይህ ነው ዳገቱ ላይ ያቆማችሁ። አሁን ደግሞ የጸዳውን ይመልከቱ።»

ሁለተኛውን ስትጫን ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ከጫፉም በየአቅጣጫው እኩል የሆነ ጉም ወጣ። የወደቀበት አይታወቅም፤ ጠብታ የሚባል የለውም። ጋሼ ኪቲላ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይህንንማ አውቀዋለሁ!» አሉ። «ፈንታሁን ልብስ ሰፊው! ሱሪ ሲተኩስ ውኃ ጎርሶ በአፉ እፍ የሚለው! የሱ እፍታ እንዲህ ጉም ነው፤ ጨርቁን እኩል ያርሰዋል። አንድ ጊዜ ጥርሱ የወለቀ ሰሞን ግን ያንጠባጥብ ጀመረና ሱሪዬን እንደ ነብር አዥጎረጎረው።»

«ጋሼ፣ መምህሬ ይህን ምሳሌ ቢሰማ ኖሮ ሰሌዳውን ሁሉ አያቆሽሽም ነበር።»

«ንገሪው። መቱ ውስጥ አንድ ሾፌር አለ በይው።»

አንዱ ግን ታጥቦም ተፍቆም አልጠራም። ጃለኔ ወደ ብርሃን አዙራ በአጉሊ መነጽር አየችውና ሰጠቻቸው። ጋሼ ኪቲላ አዩ። ቀዳዳዎቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ አንዱ እንደ ተቀደደ የቁልፍ ቤት ተንጋዷል።

«ሽቦዬ ነው?»

«ሽቦዎ ነው። ይህን ጽዳት አያድነውም፤ ጫፉ ይለወጣል። ከጅማ በአውቶቡስ ይመጣልኛል።»

ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። ጋሼ ኪቲላ ይህን ተረት ለስንቱ ወጣት ተርተውት ነበር፤ ወደ ራሳቸው ሲመለስ ግን ትንሽ ከበዳቸው። «እሺ ሽቦውን እጥላለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነገር አስረጂኝ። ምን ደፈነው? እኔ እኮ ናፍጣ ሳላጠልል ቀድቼ አላውቅም። ማደያ ሲጠፋ ከበርሜል ብገዛም፣ ከጀሪካን ብገዛም አጠልላለሁ! ጥንቃቄ አላጎደልኩም።»

«እሱን ነው እኔም የምፈልገው» አለች ጃለኔ። የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትታ አምጥታ በአንድ ሳህን ላይ ገለበጠችው። መጀመሪያ ውኃ ወረደ፤ ቀጥሎ ጭቃ፤ መጨረሻ ላይ ነጣ ያለ፣ እንደ እርጥብ የበግ ጸጉር የተጣበቀ ነገር ዱብ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አሉ ጋሼ ኪቲላ።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ሻሽቱ የምሳ ሳህን በመሶብ ጨርቅ ጠቅልለው በበሩ ገቡ። እትዬ ሻሽቱ የሚታወቁበት አንድ ነገር አለ። ቤታቸው ከከተማው መግቢያ ፊት ለፊት ነው። ጎሽ ከጎሬ ስትመለስ መግቢያው ላይ ያለችውን ጉብታ ስትወጣ የጭሷ ዓምድ ከግቢያቸው ይታያል፤ እሳቸውም ጭሱን ሲያዩ ወጡን ይጥዳሉ። ጋሼ ኪቲላ ደጃፍ ሲደርሱ ምሳ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ዘመናቸውን ሁሉ በዚህ መልክ ሳይነጋገሩ ተግባብተው ኖረዋል። ዛሬ ጭስ ስላልነበረ ነው በእግር የመጡት።

እትዬ ሻሽቱ ጃለኔን ስመው ሳህኑን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው በነጣው ነገር ላይ ወደቀ። ጎንበስ አሉ። በሁለት ጣታቸው አንድ አረንጓዴ ክር መዘዝ አደረጉ።

«ኪቲላ» አሉ።

«አቤት።»

«ይህ የነጠላዬ ጥለት ነው።»

ሰማን፣ ጭነቱን ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ የቆመው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተራመደ።

«ከገመድ ላይ ሌባ ወሰደው ያልከኝ ነጠላ! የጥምቀት ነጠላዬ! አንድ ወር ሙሉ የጎረቤት ሰው እየጠረጠርኩ...»

«አሮጌ መስሎኝ...»

«አሮጌውስ አንተ ነህ!»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሏቸው» አለች ጃለኔ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና። «ጋሼ፣ ምስጢሩ ይኸው። ነጠላ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ለማጥለያ ግን አልተፈጠረም። ትልቁን ቆሻሻ ያስቀራል፤ የራሱን ብናኝ ጥጥ ደግሞ ይለቃል። ደቃቁ ጭቃና ውኃውም ያልፋሉ። ጥጡ እየተጠራቀመ ፊልትሮውን ዘጋው፤ የተረፈውን ቆሻሻ ኢንጀክተሩ ዋጠው። ልብዎ ደግ ነበር፤ ጨርቁ ነው ክፉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ማደያ ጠፍቶ ስንት ቀን የምንሰለፍበት አገር ነው። ከጀሪካን ባልገዛ ጎሽ ሣር አትበላ!»

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ከላይ ሆነው «ከማደያ ብቻ ግዙ» የሚሉ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው አያውቁም። ጃለኔ ግን እንደዚያ አላለችም።

«ካጡ ይግዙ። ግን እንደገዙ አይቅዱት። ጀሪካኑ ሳይነቃነቅ ይደር፤ ውኃውና ጭቃው ከታች ይዘቅጣል። የላይኛውን ብቻ ቀስ አድርገው ይቅዱ፤ የታችኛውን ዝቃጭ ይድፉት፤ አይሳሱለት። ማጥለያ ካሻዎ ብናኝ የማይለቅ ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ አለ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ውኃ ማፍሰሻ በየሳምንቱ ይክፈቱ። ፊልትሮውን ደግሞ እስኪዘጋ አይጠብቁት።»

«ፊልትሮ እኮ መኪናዋ እስካልቆመች ድረስ አይለወጥም፤ የሾፌር ሕግ ነው።»

«እትዬ ሻሽቱ፣ ወጥዎ ሳያርር ነው የሚያማስሉት ወይስ ካረረ በኋላ?»

«ይህን እሱ አያውቅም» አሉ እትዬ ሻሽቱ ገና ክሩን እንደያዙ። «እሱ የሚያውቀው ካረረ በኋላ መቆጣት ነው።»

ጋሼ ኪቲላ በሁለት ወገን ተከበው እጃቸውን አነሡ። «በቃ! ተረታሁ። ሁለት ሴት ለአንድ ሽማግሌ ግፍ ነው።» ትንሽ ቆይተው ግን፣ ሳቃቸው ከፊታቸው ሲወርድ፣ ለጃለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ያ ሰውዬ ያኔ እንዳንቺ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ያቺ መኪና ሣር አይበቅልባትም ነበር።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ተይው፤ አንቺ አታውቂውም። እኔም ልረሳው ነው።»

ቅዳሜ ማለዳ ጎሽ የሰማንን ጨውና ሳሙና ይዛ ከመቱ ወጣች። የናፍጣ ማጠራቀሚያ ሳልባትዮዋ ታጥቧል፤ አዲስ ፊልትሮ ገብቷል፤ የኢንጀክተሮቹ የመዳብ ቀለበት ሳይቀር ተለውጧል። ጃለኔ ወደ አክስቷ የምትሄድበት መንገድ ነውና መካከል ተቀምጣለች። ጋሼ ኪቲላ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ሰማን እንደ ምስክር ቁጭ ብሎ ስልኩን በእጁ ያገላብጣል፤ የኩማ ቁጥር ያለበት ስልክ ነው።

ዳገቱ ጀመረ። ጋሼ ኪቲላ ማርሽ ቀነሱ። ጎሽ አጉረመረመች፤ ግን ይህ የድሮው ማቃሰት አልነበረም፤ ወፍራምና እኩል የሆነ ድምፅ ነው። የቆሙበት ቦታ፣ ጎማ ሥር የወሸቁት ድንጋይ ሳይቀር እዚያው አለ፣ እየቀረበ መጣ። ሰማን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ አየና ደነገጠ።

«ኪቲላ! ሞተሩ ጠፋ?»

«ምን ትላለህ? እየሄድን አይደል?»

«ጭሱ የለማ!»

ጋሼ ኪቲላ በመስታወት ወደ ኋላ ተመለከቱ። ከኋላቸው መንገዱ ይታያል። ዛፎቹ ይታያሉ። የሚከተላቸው ሚኒባስ ሾፌር ፊት ሳይቀር ይታያል፤ ጥርሱን ገጥጦ እጁን ያውለበልባል። በዚህ መንገድ ላይ ስንት ዘመን ሲመላለሱ ከኋላቸው ያለውን አገር አይተውት አያውቁም ነበር።

«አረንጓዴ ነው» አሉ።

«ምኑ?» አለች ጃለኔ።

«ከኋላችን ያለው።»

ድንጋዩን አለፉት። ወገቡን አለፉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሰማን ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «አልሐምዱሊላህ። እኔ ያን ቀን ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ምንም አላየሁም» አለ። ጋሼ ኪቲላ ጡሩንባውን እስኪበቃቸው ነፉት።

ጃለኔን ጎሬ አውርደው፣ «ገለቶሚ ኢንተለኮ፤ አመሰግናለሁ ልጄ» ብለው ግንባሯን ስመው፣ ቡሬ ደረሱ። ገበያው ዳር አንድ ወጣት ሾፌር ከጀሪካን ናፍጣ በአንገት ልብሱ እያጠለለ ሲቀዳ አዩ። ሰማን «ተወው፣ ጭነቱን እናውርድ» ቢልም ማን ሰምቶት።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ጨርቅ አንሣ» አሉት።

«እያጠለልኩ ነው እኮ አባት።»

«አውቃለሁ። ጥጥ እያበላሃት ነው። ጭሷስ እንዴት ነው?»

ወጣቱ ደረቱን ነፋ። «ጭሷማ ጉድ ነው! ጉልበት ናት።»

ጋሼ ኪቲላ በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። ከዚያ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ስለ ጭራሮና ግንድ፣ ስለ ፈንታሁን እፍታ፣ ስለ ባልና ሚስቱ መርፌ አንድም ሳያስቀሩ አስረዱት። ናፍጣው ሲረጭ በሙሉ እንደሚነድና በዚያው መጠን ናፍጣ ርቆ እንደሚያስኬድ፣ ሞተሩ ዕድሜ እንደሚያገኝ፣ ዳገት ላይ የሰው ጭነት ይዞ ከማፈር እንደሚያድን፣ በመንገድ ዳር የተሰጣ ቡና ጥላሸት እንደማይለብስ፣ የጎረቤት ሴቶችም ልብሳቸውን አጥበው በሰላም እንደሚያሰጡ ነገሩት። «ሽቦ አለህ?» ብለውም ከመሣሪያ ሣጥኑ ሽቦውን አውጥተው ወደ ገደል ወረወሩበት። ልጁ ሲያጉረመርም፣ «አትናደድ፤ አላዋቂ ብዬ አልናቅሁህም። ማንም አይንቅህ። ግን ሲነግሩህ ስማ» አሉት። አስተማሪ ለመሆን የሚበቃው ሰው እስከ ትናንት ወዲያ ራሱ ሳይማር የቆየ ነው፤ ምን እንደማይገባ ገና አልረሳውም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጎሽ ወደ መቱ ተመለሰች። የመግቢያዋን ጉብታ ወጣች፤ ወረደች፤ ደጃፍ ቆመች። ጋሼ ኪቲላ አንድ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ሸጉጠው፣ በቡሬ ድል እየተኩራሩ ገቡ። እትዬ ሻሽቱ ከጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቀና ሲሉ ባላቸውን አዩና ቅጠሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«በሞቴ! ከየት መጣህ?»

«ከቡሬ ነዋ! ወጣችው፤ ጎሽ ዳገቱን ወጣችው! በይ ምሳ አቅርቢ፤ ርቦኛል።»

«ምን ምሳ አለ? እሳትም አላነደድኩ። ጭስህን ስጠብቅ!»

ጋሼ ኪቲላ ወደ ጉብታው ዞረው አዩ። ሰማዩ ንጹህ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ ምንም አልቀረበትም። ሳቃቸው ከሆዳቸው እየተንከባለለ መጣ፤ እትዬ ሻሽቱም ተከተሏቸው።

«እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ጉብታው ላይ ጡሩንባ እነፋልሻለሁ» አሉ፤ ከብብታቸውም ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ አውጥተው በትከሻቸው ላይ ጣሉላቸው።

እትዬ ሻሽቱ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱና ነጠላውን አጣጥፈው ወደ ጓዳ ገቡ። የሣጥን ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።

«ልታስቀምጪው ነው?» አሉ ጋሼ ኪቲላ።

«ልቆልፍበት ነው» አሉ እትዬ ሻሽቱ። «በል አሁን ጭራሮ ስበርልኝ፤ ደረቁን።»